ሆዴ ወይስ ሆዴን

ባሌ ቁልፍ ሠሪ ነው። የማንም ቤት ተቆልፎ ከቀረ የሚጠራው እሱ ነው፤ እጁ ያልነካው የሰፈር በር የለም፣ ከራሱ ቤት በር በስተቀር። የሽንት ቤታችን የውስጥ እጀታ ወልቆ ከወደቀ ስንት ጊዜው! በሩ ከተዘጋ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ስለሆነ ስንገባ ነጠላ ጫማ እንሸጉጥበታለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ባለፈው ጫማውን ረስቼ ገባሁና ተዘጋብኝ። እሱ ማዶ ሰፈር የሰው በር ሲከፍት እኔ ሽንት ቤት ውስጥ ዋልኩ። ማታ ስጮህበት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ? ውሃ አለ፣ መቀመጫ አለ።»

ከዚያ ወዲያ ተኳረፍን።

ነገሩ ግን የእጀታ ብቻ አልነበረም። የእህቴ ባል ሚስቱን «ሆዴ» ሳይል ጨው አቀብይኝ አይላትም። የኔው ግን ከተጋባን ጀምሮ «ስሚ» ነው የሚለኝ። ስሚ! ጆሮ የሌለኝ ይመስል። አንድ ደግ ቃል ከአፉ እንዲወጣ ነበር የምፈልገው፤ እውነቴን ነው፣ ሌላ አልፈለግኩም። እሱ ደግሞ ጭራሽ «ስሚ»ንም ተወው። ስለዚህ እሁድ ጠዋት ሻንጣዬን ሸከፍኩ። እህቴ ጋ ልሄድ ሻንጣውን እንዳነሳሁ ጩኸት ሰማሁ።

«ሆዴ!»

ከሽንት ቤት ነው። ደርቄ ቀረሁ።

«ኧረ ሆዴ! ወይ ሆዴ!»

«ወዬ!» አልኩ ሳላስበው። ሻንጣው ከእጄ ወደቀ። ሄጄ በሩ ላይ ተለጠፍኩና ያጠራቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት። «እኔም እኮ አኩርፌ እንጂ ጠልቼህ አይደለም። ትናንት ሸሚዝህን ስተኩስ አልቅሻለሁ። እንዲህ ብለህ ከጠራኸኝማ የትም አልሄድ!»

በሩን ከውስጥ ደበደበ። ከዚያ እያቃሰተ፦

«ሆዴን! ኧረ ሆዴን ቆረጠኝ!»

አንዲት «ን»! አንዲት «ን» ጉድ ሠራችኝ። ለካ እኔን አይደለም የሚጠራው። ሸሚዙን ስተኩስ ማልቀሴን ነግሬው አረፍኩ! ተናድጄ ሻንጣዬን አነሳሁ፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ግን «በሩን ክፈቺልኝ፣ ጫማውን ረስቼ ነው» ሲል ድምፁ የሕፃን ሆነብኝ። እሱ ሆዱን ይዞ እኔን አንጀቴን በላኝ።

ብከፍት ፊቱ ነጥቷል፣ ላብ አጥምቆታል። ግድግዳ ግድግዳውን እየያዘ አልጋው ላይ ወደቀ።

«ምን በልተህ ነው?»

«እንቁላል። ያንቺን ምግብ ላለመብላት ቀቅዬ ይዤ ሄጄ...»

«መቼ?»

«ረስቼው ነበር። ትናንት መዶሻውን ሳነሳ ከሥሩ አገኘሁት።»

የተቀቀለ እንቁላል በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ፣ ከመዶሻ ሥር! ኩርፊያ ሰውን ምን ያህል እንደሚያጃጅል እዩልኝ። ደግሞ እየተመላለሰ ይነዘንዘኛል።

«ቶሎ የሚያሽር ነገር ስጪኝ። ትንሽ የማሽን ዘይት ብጠጣስ? የተጣበቀ ሁሉ በዘይት ይፈታል።»

«ያንተ የተጣበቀ አይደለም፤ ተፈቶ ነው ያስቸገረን!»

ታች ፎቅ ለምትኖረው ፋርማሲስት ደወልኩላት።

«ዘይቱን ደብቂው» አለችኝ መጀመሪያ። «አንድ ሊትር ውሃ አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረሽ በደንብ አማስይው። በማንኪያ በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጪው። ደም ካየሽ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ውሃውንም ካስመለሰው ግን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ነው፤ ዋ!»

በቀኝ እጄ ማንኪያ፣ በግራዬ ብርጭቆ ይዤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሻንጣዬ ኮሪደሩ ላይ ተጋድሟል፤ ወደ ሽንት ቤት በሮጠ ቁጥር ይዘለዋል። አንዴ ተደናቅፎበት ቆም ብሎ አየው።

«የት ልትሄጂ ነበር?»

«ዋጥ» አልኩትና ማንኪያውን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ውስጤ ግን ፈርቷል። ኩርፊያ ሌላ ነው፣ ባል ሌላ ነው። ሰውየው ከዓይኔ ሥር እየሟሟ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ምልልሱ ቀነሰ። ከንፈሩ ረጠበ፣ ፊቱ መልክ ያዘ። ማንኪያውን ሳስጠጋለት እጄን ያዘና ዓይኑን ጨፍኖ፦

«ሆዴ» አለ።

አንዴ ተሞኝቻለሁ፣ ሁለተኛ አልሞኝም። ጆሮዬን አቁሜ ያቺን «ን» ጠበቅኳት። ቆየሁ፤ አልመጣችም።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት ለማረጋገጥ።

«አሁንስ የሚያመኝ የለም። አንቺን ነው።»

«ወዬ!» አልኩ፤ እህቴ ቤት ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።