ሲበላሽ አትፍሪ

የወደቅኩት ሀና ማርያም ከታክሲ ወርጄ፣ ቱቦ ሊቀብሩ የቆፈሩትን ቦይ ስሻገር ነው። ሳንቃ ጣል አድርገውበታል፤ ዝናብ መትቶት እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ "እጅሽን ስጪኝ" ብላኝ ነበር። "ለምን፣ አሮጊት መሰልኩሽ?" አልኳትና ረገጥኩት። ከዚያ ያየሁት ሰማዩን ነው። ቀኝ እጄ ከሥሬ ገብቶ፣ አንጓዬ ላይ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ጸደንያ ከሥራ መጥታ ነበር።

"እማ! እጅሽ እኮ ተጣሟል!"

"ወለምታ ነው።"

"ወለምታ እንዲህ ያደርጋል? ተነሺ፣ ራጅ እንሂድ።"

"ተቀመጪ። ወለምታ ነው አልኩ።"

ወለምታ አለመሆኑን እጄ ያውቅ ነበር። ግን ራጅ ከተነሣሁ ስብራት ይሉኛል፤ ስብራት ካሉኝ ጄሶ ያደርጉብኛል። እኔ ሹሩባ ሠሪ ነኝ። ከነዚህ ጣቶች ሌላ ምንም የለኝም። ደግሞ እሁድ ሌንሳ ታገባለች። የጎረቤቴ የቡዜ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን ከኔ ሌላ ሰው ጎንጉኖት አያውቅም። ቲና የምትባለው ባለ ሳሎን "እትዬ ማናዬ ካልቻሉ እኔ አለሁ" ማለቷን ሰምቻለሁ። እኔ ሳልሞት!

ስለዚህ በማግስቱ ለቡ፣ ወጌሻው ጋ ሄድኩ። ጋሽ ቀጄላን የማያውቅ የለም፤ የስንቱን ትከሻ ቦታው መልሰዋል። አንጓዬን በቅቤ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ድንገት እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ማናዬ፣ ይኼ ስብራት ነው። መጀመሪያ ራጅ ተነሽና ነይ።"

"እሰሩልኝና እነሣለሁ።"

"ትነሻለሽ?"

"ውሸታም መሰልኩዎት?"

"ውሸታምስ አይደለሽም። ግትር ነሽ።"

ሆስፒታል እስክደርስ እንዳይንቀሳቀስ ብለው በቀርከሃ ደግፈው፣ በነጠላ ቅዳጅ አሰሩልኝ። ላላ አድርገው።

እኔ የሄድኩት ግን ወደ ቤቴ ነው። ታክሲው በዘለለ ቁጥር ቀርከሃው ሲንሸራተት ይሰማኛል። ላላ ያለ ነገር አልወድም። ሹሩባ እንኳ ላልቶ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ቤቴ ስደርስ የጨርቁን ጫፍ በጥርሴ ይዤ፣ በግራ እጄ ስቤ ቋጠርኩት። ሕመሙ ቀነሰ። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ የሚያስፈልገው ይኼ ብቻ ነበር።

ለጸደንያ "ራጅ ተነሥቻለሁ፣ ወለምታ ነው አሉኝ" አልኳትና እጄን ከጋቢዬ ሥር ደበቅኩት።

ዓርብ ጠዋት እጄን ይበላኝ ጀመር። ከላይ ቢያኩት የማይደረስበት፣ ከውስጥ የሚበላ ነገር። ለጋሽ ቀጄላ ብደውል ገጠር ለቅሶ ሄደዋል፤ ስልኩን ያነሣችው ልጃቸው አያንቱ ናት። በሌላ ስልክ እንደምታገኛቸው ነገረችኝና ትንሽ ቆይታ መልእክት ላከችልኝ። ትምህርቴ ፊደል ከመለየት ብዙም አላለፈም፤ አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት።

"አባዬ ሲበላሽ አትፍሪ በያት ብሏል።"

ልቤ መለስ አለ። ሲበላኝ አልፈራም፣ በቃ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብላቱን ራሱ ተወኝ። ለቡዜ በግንቡ ላይ "ነገ ሌንሳን በጠዋት ላኪያት!" ብዬ ጮህኩላት።

ማታ ጸደንያ ገባች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "አሳዪኝ" አለች።

"ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው።"

ጋቢውን ገፈፈችው። እኔም ጣቶቼን ቀኑን ሙሉ አላየኋቸውም ነበር። አብጠው ወጥረዋል፤ መልካቸው የበሰለ እንጆሪ ሆኗል።

"እማ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ደም ነዋ። ሲድን እንደዚህ ያደርጋል።" ስልኬን ወረወርኩላት። "እኔን ካላመንሽ አንብቢ።"

አነበበች። እንደገና አነበበች፤ ሁለተኛውን ጊዜ ጮክ ብላ፣ በዋን አጥብቃ። "ሲበላሽ? እጅሽ ሲበላሽ አትፍሪ? ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለው!"

"አላልተሽ አንብቢው እንጂ! ሲበላሽ! ሲያሳክክሽ!"

"አጻጻፉ እኮ አንድ ነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩሽ ማላላት እንዲያቅትሽ ነው?"

"እሺ፣ አላላሁት። ሲያሳክክሽ አትፍሪ ነው ያሉት።" ስልኩን አስቀመጠችና ፊቴ ቁጢጥ አለች። "አሁን ይበላሻል?"

ጣቶቼን አየኋቸው።

"ትቶኛል" አልኩ። "ድኗል።"

ፀጉር የምከፍልበትን ወስፌ ከመደርደሪያው አነሣች።

"ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ጨፍኚ አልኩሽ!"

ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ውጭ የቡዜ ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ይሰማኛል።

"በይ ውጊ እንጂ" አልኳት። "ጸደንያ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

ስታለቅስ ሰማኋት። ዓይኔን ስገልጥ የወስፌው ጫፍ ሌባ ጣቴ ላይ ተተክሏል። ደሙ እንደ ዶቃ ወጥቷል።

የራሴን ጣት የሌላ ሰው ጣት አድርጌ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ጸደንያ ማሰሪያውን ለመፍታት ቋጠሮውን ያዘችና ቀና አለች። "ይኼ የጋሽ ቀጄላ ቋጠሮ አይደለም። የሹሩባ ጫፍ ላይ የምትቋጥሪው ነው። በልጅነቴ ስንቴ አልፈታ ብሎኝ አልቅሻለሁ!"

"ላልቶ ነበር..."

"ላላ ያደረጉት አውቀው ቢሆንስ?"

መቀስ አመጣች። ከጨርቁ ሥር አልገባም አለ፤ ያበጠው ሥጋ ጨርቁን ውጦታል።

"ብቆርጥሽስ?"

"ብትቆርጪኝም አይሰማኝም። ቁረጪ!"

ጨርቁ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። ቀርከሃው መሬት ወደቀ። ሁለታችንም ጣቶቼን አፍጥጠን አየን። ምንም የለም። ጸደንያ "የሀናዋ ማርያም" እያለች ክርኔን ይዛለች። አሁንም ምንም።

ከዚያ እሳት መጣ። ከክርኔ ተነሥቶ እስከ ጥፍሬ ወረደ። እንዲህ ያለ ሕመም ስወልድም አላየሁ። ስጮህ ቡዜ በሩን ደበደበችው።

"ያመኛል! ጸደንያ፣ ያመኛል!"

"እልል ልበል?" አለች ልጄ፣ እያለቀሰች እየሳቀች።

ታክሲ ኮንትራት ይዘን ሆስፒታል ስንሄድ መንገዱን በሙሉ ጣቶቼን በጥፍሯ ስትቆነጥጥ ሄደች። "ይኼስ?" "ይሰማኛል።" "ይኼስ?" "አዎ፣ ቀስ በይ!" ትንሿ ጣቴ ላይ ስትደርስ ዝም አልኩ። እሷም አልደገመችውም።

ራጁ ተነሣ። ስብራት። ሐኪሙ በማሰሪያው የሰረጎደውን ክንዴን አይቶ "እስከ ጠዋት ቢቆይ ኖሮ..." አለና ሳይጨርሰው ተወው። ትንሿን ጣት ግን "ጊዜ እንስጣት" አለ። አጥንቱን ስቦ አስተካክሎ በግማሽ ጄሶ ደገፈው፤ ዙሪያውን በፋሻ ጠቀለለው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጸደንያን "ለቡዜ ደውይላት፤ ሌንሳን ቲና ትሥራት" አልኳት። "ለዚህች ለአንድ ቀን ብቻ በያት!"

ልንወጣ ስንል ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝ። እንደ ልማዴ እየለቀምኩ አነበብኩት። "ጄሶው ሲበላሽ ይመለሱ" ይላል። ትንሿን ጣቴን አየኋት። ከፋሻው ጫፍ ብቅ ብላ ዝም ብላለች።

"ነርስ" አልኳት፣ "ይቺ ቃል ላልታ ነው ጠብቃ?"

"የቷ እናቴ?"

ወረቀቱን መለስኩላት።

"ይኼን ያዢውና በአፍሽ ንገሪኝ።"