እጀታው ወደ ተቀባዩ

«የሟቹን ቃል የሰማ ወንድ አለ?» አሉ ሼኹ የሻይ ብርጭቆውን እያስቀመጡ።

ልብስ ሰፊዋ ሳሎኑ ውስጥ ከእናቷና ከአክስቷ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ታላቅ ወንድሟ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ለቀስተኛው ሳይበተን የልብስ ስፌት ሱቁ ነገር ይለይልኝ ብሎ ሼኹን አስጠርቷል።

«እኛ ሰምተናል እኮ» አለች እናትየው። «‹ሱቁን ለልጄ ሰጥቻታለሁ› ብሎ ቁልፉን እጇ ላይ ሲያኖር እኔም አክስቷም ወጥ ቤት ነበርን።»

«አልተጠራጠርኩም እህቴ። በሸሪዓው ግን የሁለት ሴት ቃል እንደ አንድ ወንድ ነው፤ አንድ ወንድ ይጎድላል። ካልተገኘ ሱቁ ውርስ ይሆናል። ለወንድ ልጅ ደግሞ የሁለት ሴት ድርሻ ነው።»

«ታዲያ አላህ ግማሽ ጆሮ ነው የሰጠኝ?» አለች እናትየው።

አክስትየው አገጯን ዳሰሰች። «እኔ እንኳ ጢም ጀማምሮኛል፤ አይቆጠርልኝም?» ያለችው በሹክሹክታ ነበር፤ ሁሉም ግን ሰማት። የሳቀ የለም።

ሰፊዋ የሼኹን ትከሻ ታያለች። ግራው ትንሽ ዘንበል ስለሚል ኮቱን ከውስጥ ሙሌት አድርጋበታለች። እሳቸው የመረቁት ግን አባቷን ነበር። የአባቷ ዓይን ከደከመ ዓመታት አልፈዋል። ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን የሚዘረጋው እሱ፣ ቁጥሩን የምታየው እሷ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የምትቆርጠውም እሷ ናት። «እጅህ ይባረክ!» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ይላል። አንድ ቀን እንኳ «የልጄ እጅ ነው» አላለም።

ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሌላ ሰው ነው። መቀሱን ስለቱን በመዳፉ ይዞ ያቀብላታል። «መቀስ ሲሰጥ እጀታው ወደ ተቀባዩ ነው፤ ስለቱን የሚይዘው ሰጪው ነው» ይላታል። ከፈኑን የቆረጠችለት በዚያው መቀስ ነው። ቁመቱን መለካት አላስፈለጋትም። ወንዶቹ ተሸክመውት ሲወጡ እሷ በር ላይ ቀረች።

«እኔ ሰምቻለሁ!»

የተናገረው የሱቁ ጎረቤት፣ ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ሟች እኔ ፊት ነው የሰጣት። እዚያው ነበርኩ።»

የሼኹ ፊት በራ። «አልሐምዱሊላህ! አንተ ካልክማ አለቀ።»

ለካ ይህን ያህል ቀላል ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደግ ሰው ነው፤ ያለው ሊረዳት ብሎ ነው። ወጥ ቤታቸውን ግን ረግጦት አያውቅም። በጆሮዋ የሰማችው እናቷ ግማሽ ሆና ያልነበረው ሰውዬ ሙሉ ሆነ። እናትየው የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች መሬት መሬት ታያለች። ሰፊዋ ዝም ብትል ሱቁ የእሷ ነው።

«እሱ አልነበረም» አለች።

«አንቺ ልጅ!» አክስትየው ጎኗን ጎሸመቻት።

«አልነበረም፣ አክስቴ። የእናቴ እውነት የሚቆመው በእሱ ውሸት ከሆነ ይቅርብኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ አቀረቀረ። ሼኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጄ።»

«ኮቱንም እርስዎ አልቆረጡትም። ግን ለብሰውታል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

የሼኹ እጅ ሳያስቡት ግራ ትከሻቸው ላይ አረፈ።

«አላባርርሽም እኮ» አለ ወንድሟ። «ትልቁ ድርሻ የእኔ ስለሆነ ቁልፉን እኔ እይዛለሁ። አንቺም እዚያው ትሠሪያለሽ፤ ደመወዝ እከፍልሻለሁ።»

ሆዷ ባሰ። የባሰው ግን በወንድሟ አይደለም። አባቷ ሕጉን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሱቁ ቀኑን ሙሉ ወንድ አይጠፋበትም፤ ሁለቱን ጠርቶ ያንኑ ቃል ቢደግመው ይበቃ ነበር። እሱ ግን ወጥ ቤት ገብቶ ለሴቶች ነገራቸው። ወንድ ፊት አፍሮባታል። ይህ ከሱቁ ይልቅ የእግር እሳት ሆነባት፤ ከሞተ ወዲህ ያላወጣችው እንባ ያን ጊዜ መጣ።

ሰው ሲበተን ወንድሟ ቁልፉን ተቀብሎ እጁን እንደዘረጋ ቆየ። «መቀሱስ?»

ከቦርሳዋ አወጣችው። ስለቱን በመዳፏ ጨብጣ እጀታውን ወደ እሱ አዞረች። ወንድሟ አውራ ጣቱን ቀለበቱ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባም።

«ጠበበኝ» አለ፤ ሳብም አደረገው።

እሷ ስለቱን ገና አልለቀቀችውም።