የወርቅ አጣቢዋ ቀኝ እጅ

ስልኬን ወይዘሮ ኸድራ ፊት ስይዝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቪዲዮው ላይ አንድ እጅ ብርጭቆ ውሃ ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ እንደገና ያነሣል። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ስልኩን ይበልጥ አቀረብኩት። ያን ጊዜ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ታናሽ እህታቸው ኢኽላስ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀቻቸውና ሣቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በረመዳን ውሃ ይጠጡ እያልኩ የምለምናቸው መስሏቸው እንደሆነ ነገረችኝ።

“ሼኹ ለታመመ ሰው ተፈቅዷል ብለዋታል” አለችኝ፤ “እሷ ግን አትሰማም።”

በጣም አፈርኩ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ወይዘሮ ኸድራ የመንጌ ወረዳ ወርቅ አጣቢ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እግራቸው እየበረታ ሲሄድ ቀኝ እጃቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። እኔ የምሠራበት የአሶሳ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ኃላፊ ዱጋሳ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ተራ የሚጠብቀው ታካሚ ብዙ ነው። እስከ ዓርብ አንድ ጣት እንኳ ካልተንቀሳቀሰ፣ በግራ እጃቸው መሥራትን አስተምረን እናሰናብታቸው ብሎኛል። ይህን ስነግራቸው ኢኽላስ አቀረቀረች።

“በግራ እጅ ወርቅ የለም” አሉ ወይዘሮ ኸድራ።

ቪዲዮውን ያሳየኋቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፤ ሌላ ሰው አንድ ሥራ ሲሠራ ስናይ፣ ያንኑ ሥራ ራሳችን ስንሠራ የሚነሡ የአንጎል ክፍሎች አብረው ይነሣሉ። ይህን የሚያደርጉትን፣ መጀመሪያ በጦጣዎች አንጎል ውስጥ የተገኙትን ሕዋሳት የመስታወት ሕዋሳት ይሏቸዋል። በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠሩ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ቤቴ ሆኜ ሳስበው ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የሚያየው ሰው ሥራውን በገዛ አካሉ የሚያውቀው ከሆነ አንጎሉ ይበልጥ ይነቃል። ቪዲዮው ላይ ያለው እጅ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ወይዘሮ ኸድራ ዕድሜ ልካቸውን ወንዝ ዳር ሲያዩት የኖሩት የኢኽላስን እጅ ነው።

ኢኽላስ እዚያው ክፍል ውስጥ ደለል ስታጥብ እንዲያዩ ለማድረግ ዱጋሳን ማስፈቀድ ነበረብኝ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። በሩ ላይ ቆሜ፣ ያሰብኩትን ግማሹን ዋጥ አድርጌ ነገርኩት።

“ክፍሉን አሸዋና ውሃ ልትሞይው ነው?”

“እጠርገዋለሁ” አልኩት። ሣቀና ፈቀደ።

ዓርብ ጠዋት ኢኽላስ የወርቅ ማጠቢያ ገበቴዋንና ከመንጌ ያስመጣችውን ደለል ይዛ መጣች። ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞላን። ወይዘሮ ኸድራን በኢኽላስ ትይዩ አስቀመጥኳቸው። እጅዎን ያንቀሳቅሱ አላልኳቸውም፤ እንዲመለከቱ ብቻ ነገርኳቸው።

ኢኽላስ ገበቴውን ውሃው ውስጥ ነክራ ማዞር ጀመረች። አሸዋው በጠርዙ በኩል ቀስ እያለ ይፈሳል፤ ወርቅ የሚገኝበት ከባዱ ጥቁር ደለል ከታች ይቀራል። ሌሎቹ ታካሚዎች መልመጃቸውን ትተው አንገታቸውን አሰገጉ። ሰው ሲያያት ደስ አላት መሰል፣ ኢኽላስ ማዞሩን አፈጠነችው። ሁላችንም እንድንሰማ በአማርኛ፣ “ካሁን በኋላ መንጌ ላይ አንደኛ እኔ ነኝ” አለች።

ወይዘሮ ኸድራ ከንፈራቸውን ነከሱ። ኢኽላስ ይህን አይታ ሳቋ መጣና ገበቴውን ወደ ውጭ ከልክ በላይ አጋደለችው። ጥቁሩ ደለል ከአሸዋው ጋር ወደ ጠርዙ መሸሽ ጀመረ።

“ወርቁን ደፋሽ” አሉ ወይዘሮ ኸድራ።

ዐይናቸው እህታቸው እጅ ላይ ነበር፤ የእኔ ዐይን ደግሞ የእሳቸው እጅ ላይ። አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ። ሌሎቹ ጣቶች የገበቴ ጠርዝ እንደሚይዝ ሰው ታጠፉ። ከዚያ የእጃቸው አንጓ ትንሽ ዞረ። የዞረው ግን ኢኽላስ ባጋደለችበት በኩል አልነበረም፤ ማጋደል በነበረባት በኩል ነበር።

እሳቸው አላወቁም። “እናት፣ እጅዎን ይመልከቱ” አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩት። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ይመስል አተኩረው አዩት። ኢኽላስ ገበቴውን ሳፋው ውስጥ ለቀቀችና እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

“አንደኛ ማን ነው?” አሉ ወይዘሮ ኸድራ በአማርኛ።

“አንቺ ነሽ” አለች ኢኽላስ እያለቀሰች። “አንቺ ነሽ እህቴ።”

ደረቴ በኩራት ሞላ። በእሳቸው ኮራሁ፤ በራሴም ትንሽ ኮራሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ዱጋሳን ተጣራሁ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ስጣራ ሰምቶኝ የሚያውቅ የለም። እሱም መጥቶ፣ እጃቸው በራሱ ተኮማትሮ ሊሆን ስለሚችል ኢኽላስ እንደገና እንድታዞር አዘዘ። ጣቶቹ ደከም ብለውም ቢሆን እንደገና ታጠፉ። ዱጋሳ የወይዘሮ ኸድራን አንጓ በእጁ ይዞ መረመረና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀልኝ።

የሕክምና ጊዜያቸው ተራዘመ። ወይዘሮ ኸድራ ወደ መንጌ አልተመለሱም፤ አሶሳ ዘመድ ቤት ሰነበቱ፤ ሰኞ ጠዋት ከኢኽላስ ጋር ሲመጡ ሥራችንን ቀጠልን።