ጎተራ የተጠረገበት ወር

የኔዓለም የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት፤ የእኅቴም የልጅ ልጅ። ባለፈው የካቲት ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቴ መጥታ የያዘችውን ሥራ አስረዳችኝ። ከስድሳ ዓመት በፊት አገራችን በዓመት ምን ያህል ታፈራ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህስ ምን ያህል እንዳደገች አስልተው ለመጻፍ የተነሡ ምሁራን አሉ፤ የእኛን አካባቢ የያዘችው እርሷ ናት። ነገር ግን በዚያ ዘመን የእኛ ሰው መሬቱን አላስለካም፤ ስለዚህ የተመዘገበ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዐርብ የራሷን ግምት ካላቀረበች፣ አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦቿ የሌላ ጠቅላይ ግዛት ቁጥር ወስደው በእኛ ቦታ ሊያስገቡ ነው።

ይህ አበሳጨኝ። እኔ ፊደል የለየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባነበብኋቸው መጻሕፍት ስለ ጎጃም ገበሬ ሌላው ሲመሰክርለት እንጂ እርሱ ራሱ ሲናገር አላየሁም። «የእኛ ቁጥር ከዚያኛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም» አልኋት፤ የሚጠየቁትንም ሰዎች እኔው እንደማገናኛት ቃል ገባሁ።

ቅዳሜ ተወልጄ ወዳደግሁባት አምበር ሄድን። አንሙት አብሮ አደጌ ነው። ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ አስቀመጠን።

«በዚያን ጊዜ አባትዎ በዓመት ስንት ዳውላ እህል ያስገቡ ነበር?» ብላ ጠየቀችው።

ዐይኑን ከእርሷ ወደ እኔ፣ ከእኔም ወደ ኮምፒውተሯ እያመላለሰ ቆየና «ሁለት» አለ።

«ሁለት? ያ ሁሉ ቤተሰብ በሁለት ዳውላ?» አልሁት።

«ድኾች ነበርን፣ አያ ካሴ። ግብር የምንከፍልበት እንኳ አልነበረንም።»

ግብር ሲል ነገሩ ገባኝ። የሞተ አባቱን ግብር ልናስከፍለው የመጣን መስሎታል። እስኪመሽ ብናስረዳው ከሁለት ፈቀቅ አላለም።

ረቡዕ ተመለስን። በመካከሉ መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ለባለይዞታ እንደ ምርቱ መጠን ካሳ ይከፈላል የሚል ወሬ መንደሩን አዳርሶት ኖሯል።

«ስልሳ ዳውላ!» አለ አንሙት፣ ገና ሳንቀመጥ። «ሰባ የሚሆንበትም ዓመት ነበር፤ ጻፊው ልጄ።»

«አንሙት! ቅዳሜ ሁለት የነበረው ምን ዘንቦበት ነው ረቡዕ ስልሳ የሆነው?»

«ትዝ አለኝ።»

«ዕድሜህን ሙሉ ረስተኸው አሁን ትዝ አለህ?»

«አንተ ስትጮኽብኝ ማን ትዝ ይለዋል!»

ጎረቤቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ሁለታችንንም በዕድሜ ይበልጡናል። በአጥሩ በኩል ሰምተውን እየሳቁ መጡ። እባክዎ እርስዎ እውነቱን ይንገሯት ብዬ ለመንኋቸው።

«ምኑን ልንገራት? አባቴ አውድማ ላይ እህል ሲቆጥር አላየሁም። ሲሰፈር ቁጥር አይጠራም፤ በረከቱ ይሸሻል። ቆጥሬያለሁ የሚላችሁ ካለ እየዋሻችሁ ነው።»

እውነት ነው፤ በእኛም ቤት አይቆጠርም ነበር። ይህን እያወቅሁ ልጅቱን ሁለት ጊዜ ማመላለሴ ይበልጥ አናደደኝ፤ እንሂድ ብዬ ተነሣሁ። የኔዓለም ግን ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም።

«ይሁን እማማ፣ አይቁጠሩልኝ። እህሉ አልቆ ጎተራው የሚጠረገው በየትኛው በዓል ግድም ነበር?»

ሴትዮዋ ሳያመነቱ መለሱ። «በሐምሌ አቦ። እርሱም ደኅና በሆነ ዓመት። ከዚያ ወዲያ ጎመን ነው።»

«የእኛ እስከ መስከረም ይደርስ ነበር» አለ አንሙት።

«መስከረም! በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጓሯችን ገብተህ ጎመን ስትቀነጥስ የያዘችህ እናቴ አይደለችም?»

አንሙት ሳቀ፤ አልካደም። የኔዓለም በልተው ያደሩትን ሰዎች ብዛት፣ እህሉ የቆየበትን ወር፣ ለዘር የተቀመጠውንና ለዐሥራት የተሰጠውን እየጠየቀች ትጽፍ ጀመር። ከእነዚህ ምርቱን ማስላት ይቻላል አለችኝ። ሌሎች ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ፤ በዓል ሲጠየቅ የሚዋሽ ጠፋ። አንዱ ሰኔ፣ ሌላው ሐምሌ እያለ ሲቀጥል ትዕግሥቴ አለቀ።

«ምነው ሁላችሁም ጦም አዳሪ ሆናችሁ! የጠገበ ሰው አልነበረም?»

«ነበሩ እንጂ፣ ባላባቶቹ» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል። «ለእነርሱም የጫንነው እኛ ነን።»

የኔዓለም ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ የእርስዎስ ቤት?»

ልመልስ ያሰብሁት ነሐሴ ነበር። ነገር ግን እናቴ፣ ጎረቤት ሁሉ የልደታን ንፍሮ ሲቀቅል፣ የጎተራውን ወለል ጠርጋ ያገኘችውን እህል ከአፈር ስታበጥር ታየችኝ።

«ግንቦት ልደታ» አልሁ። «ዘጠኝ ነፍስ ነበርን።»

«ይኸው!» አለ አንሙት ጭኑን እየመታ። «እኔን ሲያስጨንቅ የከረመው!»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስታሰላ ቆየች። ከዚያኛው ጠቅላይ ግዛት ቁጥር ያንሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«በጣም ያንሳል። መነሻው ዝቅ ሲል ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጣው እድገት ከፍ ብሎ ይታያል። ባልደረቦቼ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።»

«እናቴ ከአፈር በለቀመችው ነው የሚያድጉት?»

ጮኼ ኖሮ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንተወው? የእነርሱ ይግባ?» አለች።

ንዴቴ አልበረደም። ሆኖም የሌላ አገር ጎተራ የእኛ ነው ተብሎ ከሚጻፍ ይህኛውን መረጥሁ።

«ላኪው» አልኋት። «አደግን ሲሉ ግን ከየት እንደተነሡ እንዲያውቁት፣ ጎተራው የተጠረገበትን ወር ከነስሙ ጻፊበት።»