ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት

መሳፍንት ሸጋን የጠረጠራት ጠልቷት አልነበረም፤ ሰዓቱ አስገድዶት ነው። እሱ የሚመራው የኮሶበር ትንሽ የአውንጊ ቋንቋ ቅርስ ማኅበር ዐርባ አንድ የሽማግሌዎች የድምፅ ቅጂ ክላውድ የሚሉት የኢንተርኔት ማኅደር ላይ አስቀምጦ ነበር። የምንጩን፣ የዛፉን፣ የሸለቆውን ስም የሚያውቁ ሰዎች ድምፅ ነው፤ ከመካከላቸው አራቱ ዐርፈዋል። አንድ ሰሞን ቅጂዎቹ ድራሻቸው ጠፋ።

መሳፍንት የክላውዱን መዝገብ በወረቀት አስወጥቶ አየ። «ተሰረዘ፣ 03:12» ይላል። ያን ዕለት ጠዋት በሦስት ሰዓት እሱ ግምጃ ቤት ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ቢሮ የነበረችው ድምፅ የምትቀርጸው ሸጋ ብቻ ናት። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚገቡ መዝገቡ ሰው አይለይም።

«ያጠፋ ሰው የዚህን ቤት ቁልፍ አይይዝም!» ብሎ ቁልፏን ተቀበላት።

«ጋሼ፣ የአባቴም ድምፅ እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አለች ሸጋ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ነገሩ፣ መሳፍንት የአገር ሽማግሌዎችን ለፍርድ ጠራ። ማስረጃው እንዲሟላለትም ኮምፒውተር አዋቂዋን ሰርክአዲስን ከዳንግላ አስመጣ። መዝገቡ ዐሥራ አንድ ሺህ መስመር ነው፤ እሱ ሁለት ቀን በእርሳስ ቢያሰምር ስድስተኛው ገጽ ላይ ደክሞት ቆሟል። እሷ ግን ስክሪፕት የሚሉትን የትእዛዝ ጽሑፍ ሃያ መስመር ያህል ጻፈች።

«ምን እያልሽው ነው፣ ልጄ?»

«እያንዳንዱን መስመር አቁሞ እንዲጠይቅልኝ ነው። መቼ ገባህ? በምን ገባህ? ምን ነካህ? እያለ።»

«አውጫጭኝ ነዋ!» አለ። በልጅነቱ ሌባው እስኪወጣ ድረስ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሲውል አይቷል።

«እሱው ነው ጋሼ። ይኼኛው ግን ምሳ አያስቋጥርም» ብላ ሳቀች።

ዐይኑን ከድኖ እስኪገልጥ ዐሥራ አንድ ሺው መስመር ተጣርቶ ዐርባ አንድ ሆነ። ዳንግላ እንዲህ ያለች ልጅ ወልዳ ዝም ማለቷ ገረመው።

ሰርክአዲስ ግን ሳቋን አቆመች። «ጋሼ፣ ይኼ ሰዓት የኛ አይደለም። ክላውዱ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ ደግሞም ከአገራችን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል።» አንዲት መስመር ጨመረች፤ ሰዓቱ ሁሉ ተለወጠ። «ንጋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ነው የተሰረዘው። ያውም ከስልክ።»

ከክላውዱ ጋር ተያይዞ የማኅበሩ ፋይል ያለበት ስልክ አንድ ብቻ ነው። መሳፍንት ኪሱን ዳበሰ። ያን ንጋት መናኸሪያ ቆሞ የግምጃ ቤት መኪና ሲጠብቅ፣ ስልኩ ሞላሁ እያለ ቢያስቸግረው ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ነበር። ያቀለለው ስልኩን ብቻ መስሎት።

ሰርክአዲስ ስክሪኑን ወደ እሱ ብቻ አዞረች። «የተሰረዘ ነገር ክላውዱ ላይ ሠላሳ ቀን ይቆያል፤ ሁሉንም መልሻቸዋለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። እኔ ውጭ ልቆይ?» መሳፍንት ብልሃቷን ሲያደንቅ ቆይቶ፣ ጨዋነቷ ከዚያም በለጠበት።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሸጋ በሩ ሥር ቆመች።

«በሉ፣ አጥፊው ማነው?» አሉ ትልቁ፣ አያ ይሄነው።

መሳፍንት ከወንበሩ ተነሣና ለሸጋ ጎንበስ አለ። «እኔ ነኝ። ሰዓቱን ሳላውቅ ፈረድሁብሽ፣ ይቅር በይኝ።» የሷንም የራሱንም ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖረ።

ሸጋ ቁልፎቹን እንደያዘች ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ የአባቷን ድምፅ ከፈተች። መሳፍንት እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ሰማ።