የፍልሰታው ክኒን

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም፤ ይብረድልሽ የምትሉኝም ተዉኝ። አባቴ ቄስ ወልደ ሥላሴ የቁሐር ሚካኤል ቀዳሽ ነበሩ፤ እኔ ሙናዬ ደግሞ ወረታ ነርስ ነበርሁ። በሰማንያ አንድ ክረምት ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲውጠው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ገባ። ቤት ለቤት ዞረ። ከቁሐር አራት ቄሶች አንዱን በሐምሌ ቀበርን፤ ወጣቱን ደግሞ ከዚያ በፊት አፍሰው ወደ ግንባር ወስደውት ነበር። የቀሩት አባቴና ቄስ ደሳለው ብቻ ናቸው።

ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ያለ ሦስት ዲያቆን አይሆንም። ከእነዚህ አንድ ጎደለ ማለት፣ ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት በዚያ ፍልሰታ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ ማለት ነው።

ጾሙ በገባ ሰሞን አባየም ወደቁ። ጭቃውን እየረገጥሁ ስደርስ መደቡ ላይ ጥቅልል ብለው ተኝተዋል። ደም የሚፈሰው ቄስ መቅደስ አይገባምና እሳቸውን የከነከናቸው ሕመሙ ሳይሆን ይኸው ነበር። ከጤና ጣቢያው የቀረችውን ጥቂት ክኒን ለምኜ አምጥቻለሁ፤ በየስድስት ሰዓቱ የሚዋጥ ነው። ዋጡ፤ ደሙ ቆመ። እልል አልሁ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

"ደሙ ከቆመማ ነገ እገባለሁ" አሉ።

"የት ነው የሚገቡት?"

"መቅደስ ነዋ።"

"ክኒኑስ?"

"ከቅዳሴ በኋላ እውጠዋለሁ።"

ቀዳሽ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውኃ አይቀምስም፤ የፍልሰታ ቅዳሴ ደግሞ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ሌሊቱንም ቀኑንም ያለ መድኃኒት ሊሆኑ ነው።

"አባየ፣ የታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም። ራስዎ አይደሉ እንዴ ለሰው የሚነግሩት?"

"እኔው ነኝ። የበላ ይቀድሳል ብዬ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።"

መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አስረዳኋቸው። ጎንደር ስማር መምህራችን በጠመኔ ስሎ ያሳየንን ነው የነገርኋቸው። ተቅማጡን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ ግን ውስጡ ዲኤንኤ የሚሉት ረጅም ክር አለው። ለመራባት መጀመሪያ ክሩን መገልበጥ አለበት፤ አንዱ ለራሱ፣ ሌላው ለሚወለደው። ክኒኑ ያን መገልበጥ መሐል ላይ ቀጥ ያደርግበታል። ብዙው እዚያው ይሞታል። ሳይሞት የተረፈው ግን ክኒኑ ከሰውነት እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሲወጣለት የተበጠሰውን ይጠግናል፣ ያቆመበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል፣ መገልበጡን ይቀጥላል።

"ከመጀመሪያው አይጀምርም?"

"አይጀምርም። ካቆመበት ነው።"

ሳቁ። "የኔ ተማሪዎች ይህን በሰሙ! እነሱ አንዲት ፍየል በደጅ ካለፈች ዳዊቱን እንደገና ከራሱ ነው የሚጀምሩት።"

"አባየ፣ አልቀለድሁም። ይሞታሉ!"

"ልጄ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አይተሽዋል? ልጁን ቀብሮ የመጣ ነው። ቅዳሴ የለም፣ ሂድ ወደ ቤትህ ልበለው?"

ተቆጣሁ፣ አለቀስሁ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እማየ ጭምር "ተያቸው፤ እሳቸውን ማን አሸንፎ ያውቃል" አለችኝ። ደሙ ባይቆምላቸው ኖሮ እኮ አይገቡም ነበር፤ ተኝተው እየዋጡ ይድኑ ነበር።

ቀደሱ። ከቅዳሴ መልስ እየዋጡ፣ በማግስቱ እየቀደሱ ሰነበቱ። "ይኸው ደህና ነኝ" ይሉኛል፤ ጉንጫቸው ግን በየቀኑ ይጎድላል።

ፍልሰታው ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው በሴቶች በኩል ቆሜ አስቀድስ ነበር። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ቅዳሴ ማርያምን በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። የአባየ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ይሰማኛል። ድንገት አንድ ቃል መሐል ላይ ተቋረጠ። ደሙ እንደ ተመለሰ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። የተጀመረ ቅዳሴ አይቋረጥምና ቄስ ደሳለው ብቻቸውን ያንኑ ቃል አንሥተው ቀጠሉ።

ሮጬ ወጣሁ። አባየ ልብሰ ተክህኖው እንዳይረክስ አውልቀው፣ በግቢው ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠዋል። ከወገባቸው በታች ደም ነው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጨውና ስኳር የበጠበጥሁበትን ውኃ በኮዳ ይዤ ነበርና ወደ አፋቸው አስጠጋሁት።

እጃቸውን አነሡ። "ገና አልተሰናበትንም።"

"ኧረ አባየ! እርስዎ እኮ ወጥተዋል!"

"የጀመርሁት ቅዳሴ ነው። ሲያልቅ እጠጣለሁ።"

በግድ ላጠጣቸው አገጫቸውን ያዝሁ፤ ጥርሳቸውን ገጠሙ፤ ውኃው በጺማቸው ወረደ። ውስጥ ደሳለው በዜማ ይጎትቱታል። "ቶሎ በል! ቶሎ በል አንተ ሰውዬ!" ብዬ ጮኽሁ። ሴቶቹ አማተቡ።

አባየ ግን ያዳምጡ ነበር። "ሙናዬ" አሉኝ፣ "አንዲት ቃል አልጣለም። ካቆምሁበት ነው የያዘው። ሰማሽ?"

"ሰማሁ አባየ። ይጠጡልኝ።"

ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ደሳለው አንድም ሳያጎድሉ እስከ መጨረሻው አደረሱት። ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም ግቡ ሲል እኔ ከዋርካው ሥር አልተነሣሁም ነበር። ሰዉ ወጥቶ ከበበን፤ እማየ እየጮኸች መጣች። እኔ የኮዳውን ክዳን እንደገና ከፈትሁ።

"አለቀ አባየ" አልኋቸው። "ቅዳሴው አለቀ፤ አሁን ይጠጡ።"