አጎቴ የሸፈነው ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በጥልፍ ቤታችን የነበርነው አጎቴ፣ አክስቴ የምላት ሚስቱ፣ አንዲት መምህርትና እኔ ነን። መምህርቷ የአርባ ተመራቂዎች ስም የሚጠለፍበትን ጥብጣብ ይዛ መጥታለች። ትምህርት ቤቱ ይህን ሥራ በየዓመቱ የሚሰጠው ለእኛ ነው።

«ምርቃቱ ነገ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ካልጀመራችሁ ማዶ ላሉት ጠላፊዎች እሰጣለሁ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የጥልፍ ማሽኑን ከኮምፒውተር የሚያዘው ፕሮግራም ግን አክስቴ ትናንት የገዛችውን የፈቃድ ቁጥር አልቀበል አለ። አምስት ጊዜ አስገባሁት። ዜሮውን ከ«ኦ» እንዳላምታታ ፊደል በፊደል አየሁ። ኢንተርኔቱንም ኮምፒውተሩንም አጥፍቼ አበራሁ። ምንም የለም።

«ችግሩ ጣትህ ነው!» አለ አጎቴ። «እንጨት!»

«ጋሼ፣ በትክክል ነው ያስገባሁት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ልጁን ልቀቀው!» አለች አክስቴ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፕሮግራሙን ለሸጡልን ሰዎች ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የዛሬ ቀን ነው?» አለችኝ።

ቀኑ የሚታይበትን የስክሪኑን ጥግ አጎቴ በፕላስተር ሸፍኖ «አይነካም» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ስክሪኑ ተሰንጥቆ ይመስለኝ ነበር። ልልጠው ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። እጄን መንጭቄ ፕላስተሩን ላጥኩት። ኮምፒውተሩ የሚያሳየው የዛሬ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር የነበረውን ቀን ነው።

ፕሮግራሙ በነጻ የሚሠራው ለአንድ ወር ብቻ ነው። አጎቴ ያ ወር እንዳያልቅበት በየጠዋቱ ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር። «ልጥረግ» እያለ ከሁላችን ቀድሞ የሚገባው ለካ ለዚህ ነው። ትናንት የተገዛ ፈቃድ በዚያ ቀን ከየት ይምጣ?

ደሜ ፈላ። በዚያ ቤት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ! ጠዋቱን ሙሉ ጣቴን ስትሰድብ ይህን ታውቅ ነበር!»

«ፈቃድ ከተገዛ ቀኑ ምን አገባው ብዬ...»

«ለእኔም ለሚስትህ አልነገርክም?» አለች አክስቴ። «ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«እንግዲያው እኔንም ወደ ሠላሳ ዓመቴ መልሰኝ» አለች መምህርቷ። ማንም አልሳቀም።

ቀኑን አስተካከልኩ። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ገባ። መምህርቷ ሰዓቷን አይታ ጥብጣቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሄደች። አርባውንም ስም እስከ ማታ ጠለፍን። አክስቴ የበሩን ቁልፍ ከአጎቴ ተቀብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱን ከፍቼ የጠረግሁት እኔ ነኝ።